ከሳን ኢሲድሮ በዓል የተማርናቸው ቃላት

በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በቋንቋ ትምህርት ቡድኑ የቀረበ ንግግር



እኛ የማኅበሩ የስፓኒሽ ቋንቋ ትምህርት ቡድን ነን። ዛሬ የምንነግራችሁ በአንድ የካቶሊክ ቅዱስ በዓል አማካይነት ቋንቋ ስለመማር ነው። በዓሉ የማድሪድ ከተማ ጠባቂ የሚባለው የሳን ኢሲድሮ ነው። በየዓመቱ ግንቦት 7 ቀን፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሜይ 15 ይከበራል። ጉዳዩን ወደዚህ ጉባኤ ያመጣነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ከአባሎቻችን መካከል «ይህ የቋንቋ ትምህርት ነው ወይስ የሃይማኖት?» ብለው የጠየቁ እህቶች አሉ፤ ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ ተገቢ መልስ ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ ለጋሾቻችን ለትምህርት ከሰጣችሁት ገንዘብ ጥቂቱ ለበዓል ጉዞ መዋሉን በሒሳብ ሪፖርቱ ላይ ታያላችሁ፤ ለምን እንደሆነ ማወቅ መብታችሁ ነው።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። እዚህ ማድሪድ ብዙዎቻችን በሰው ቤት እየሠራን፣ አረጋውያንን እየተንከባከብን እንኖራለን። መጀመሪያ የሚደርሰን ስፓኒሽ ከመማሪያ መጽሐፍ የሚገኘው አይደለም። በኩሽናና በታማሚ አልጋ አጠገብ የሚነገረው ነው። በዚያ ንግግር ውስጥ ደግሞ የእግዚአብሔር ስም፣ የቅዱሳን ስም፣ የበዓላት ስም ሞልቷል። እነዚህን ቃላት የማታውቅ ሴት ሰላምታው ያልፋታል፣ ሐዘኑ ያልፋታል፣ የራሷ የእረፍት ቀንም ሳታውቀው ያልፋታል። ስለዚህ ቃላቱን መማር ትርፍ ነገር ሆኖ አላገኘነውም።

ትምህርቱን የጀመርነው ያለንን በመቁጠር ነው። አሜን በስፓኒሽም «አሜን» ነው። ሃሌ ሉያ «አሌሉያ» ነው። ፋሲካ «ፓስኩዋ»፣ ሰንበት «ሳባዶ»፣ ዲያቆን «ዲያኮኖ»፣ ወንጌል «ኤባንኼሊዮ»፣ ኤጲስ ቆጶስ ደግሞ «ኦቢስፖ» ነው። እነዚህ ከዕብራይስጥና ከግሪክ ተነሥተው በአንድ በኩል ወደ ግዕዝ፣ በሌላ በኩል ወደ ላቲን የሄዱ ዘመዳሞች ናቸው። ፊደል ሳንቆጥር ያደግን እናቶች ሳይቀሩ በመጀመሪያው ቀን ሰባት ቃል ይዘው ሄዱ።

ሙስሊም እህቶቻችንም ድርሻቸውን አገኙ። ስፓኞች «ምነው በሆነ!» ሲሉ «ኦኻላ!» ይላሉ። ይህ ቃል ከዓረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «አላህ ቢሻ» ከማለት የተነሣ ነው። ማድሪድ ራሷ በ9ኛው መቶ ዘመን የኮርዶባው አሚር ሙሐመድ 1ኛ ያሠሯት ምሽግ ነበረች፤ በዓረብኛ «መጅሪጥ» ትባል ነበር። ከተማዋ ኖቬምበር 9 ቀን የምታከብራት እመቤት «አልሙዴና» የተባለችውም ምሽግ ያለበትን ከተማ ከሚያመለክት የዓረብኛ ቃል ነው። የዚህ አገር የሃይማኖት ቃል ከአንድ ወገን ብቻ እንዳልመጣ በዚህ አየን።

ለጆሯችን የሚያስቸግሩና የሚያስቁም ነበሩ። ቅዳሴ «ሚሳ» ይባላል፤ «ምሳ» ከምንለው የምትለየው በአንዲት አናባቢ ነው። ባለቤቲቱ «ቮይ አ ሚሳ» ካሉ ወደ ቅዳሴ መሄዳቸው ነው፤ ማዕድ አይቀርብም። ጸሎት ማድረስ «ሬሳር» ነው፤ ሲጀምር «ሬሳ» ስለሚል ክፍሉ በሳቅ ሞላ፣ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የረሳው የለም። ሻማ «ቤላ» ነው። ሲጻፍ በ«ቭ» ነው፣ ሲነገር ግን «ብ» ይሆናል። «ቮይ»ም በስፓኝ አፍ «ቦይ» ነው። ይህን ሕግ ከሻማ የተማረች ሴት «ባሶ» ብላ ብርጭቆ ስትጠይቅ አትቸገርም።

የበዓሉ ስም ራሱ ሰዋስው ያስተምራል። ወንድ ቅዱስ በስሙ ፊት «ሳን» ይባላል፦ ሳን ኢሲድሮ፣ ሳን ኾሴ፣ ሳን ሚጌል። ስሙ በ«ቶ» ወይም በ«ዶ» ከጀመረ ግን ሙሉው «ሳንቶ» ይመጣል፦ ሳንቶ ቶማስ፣ ሳንቶ ዶሚንጎ። ሴት ቅድስት ምንጊዜም «ሳንታ» ናት። በዚህች ሕግ የጎዳና፣ የሆስፒታልና የባቡር ጣቢያ ስሞችን ማንበብ ይቻላል፤ ከተማው በቅዱሳን ስም የተሞላ ነውና።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። ሳን ኢሲድሮ በ11ኛውና በ12ኛው መቶ ዘመን ማድሪድ ውስጥ የኖረ ገበሬ ነው። ሙሉ ስሙ «ሳን ኢሲድሮ ላብራዶር» ነው። ላብራዶር ማለት አራሽ ማለት ነው፤ መነሻው «መሥራት» የሚል የላቲን ግስ ነው። መሬቱ የራሱ አልነበረም። ኢባን ዴ ባርጋስ ለሚባል ባለ ርስት ተቀጥሮ ያርስ እንደነበር ይተረካል። ገድሉ እንደሚለው፣ የሥራ ባልደረቦቹ «ጸሎት እያለ ሥራ ያረፍዳል» ብለው ለጌታው ከሰሱት። ጌታው ሊያይ ቢመጣ ኢሲድሮ ሲጸልይ፣ በሬዎቹን ይዘው መላእክት ሲያርሱለት አገኘ። ከዚህ አንድ ታሪክ «ሚላግሮ» ተአምር፣ «አንኼል» መልአክ፣ «ኦራሲዮን» ጸሎት፣ «ቡዬየስ» በሬዎች፣ «አሞ» ጌታ፣ «ታርዴ» ዘግይቶ የሚሉትን ተማርን። በሰው ቤት ለምትሠራ ሴት ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። አርፍዳለች ተብላ የተከሰሰች ስንት አለች!

የኢሲድሮ ሚስትም ቅድስት ናት። «ሳንታ ማሪያ ዴ ላ ካቤሳ» ትባላለች፤ በዓሏ ሴፕቴምበር 9 ነው። «ካቤሳ» ራስ ማለት ነው። ይህን ስም ያገኘችው የራሷ ቅሪት ለብቻው ተጠብቆ በሕዝብ ዘንድ ይከበር ስለነበር ነው። በአቶቻ ጣቢያ አጠገብ የሚጀምረው ሰፊ ጎዳና በእሷ ስም ይጠራል። «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» ማለትም «ራሴን ያመኛል» ነው። ሐኪም ቤት ሄዳ ይህን ማለት የቻለች ሴት ቃሉን ከቅድስቲቱ ስም መማሯ ምን ይከፋል?

ኢሲድሮ ቅዱስ ተብሎ የታወጀው በ1622 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ማርች 12 ቀን ነው። በዚያው ቀን ጳጳሱ ግሪጎሪዮስ 15ኛ ኢግናሲዮ ዴ ሎዮላን፣ ፍራንሲስኮ ኻቪዬርን፣ ቴሬሳ ዴ አቪላንና ፊሊፖ ኔሪንም አብረው አውጀዋል። ከአምስቱ ውስጥ በሬ ጠምዶ በሰው መሬት ሲያርስ የኖረው እሱ ነው። ለእኛ የሚገርመን እንዲህ ያለች ትልቅ ከተማ፣ ነገሥታት የተቀመጡባት፣ ጠባቂዬ የምትለው ተቀጣሪ ሠራተኛ መሆኑ ነው።

ጠባቂ ቅዱስ «ፓትሮን» ይባላል። ይህ ቃል አሠሪ ማለትም ይሆናል። በአንድ ቃል ውስጥ የሚጠብቅሽም የሚያሠራሽም አሉ። ክፍል ውስጥ ብዙ ያነጋገረን ይህ ነበር። አንዲት እናት «ሁለቱ አንድ ሰው ቢሆኑማ ምን ነበረበት!» አሉ። እኛም ይህን በደብተራችን ጻፍነው።

የበዓሉ ሥርዓት ለብዙዎቻችን እንግዳ አልሆነም። የበዓሉ ዋዜማ «ቢስፔራ» ይባላል። ሕዝቡ ወደ ቅዱሱ ቦታ የሚያደርገው ጉዞ «ሮሜሪያ» ነው፤ ስሙ ወደ ሮም ከሚሄዱ ተሳላሚዎች የመጣ ነው። ትንሿ የገጠር ጸሎት ቤት «ኤርሚታ» ትባላለች። ስለት «ፕሮሜሳ»፣ ምጽዋት «ሊሞስና»፣ የምእመናን ማኅበር «ኮፍራዲያ» ነው። ማኅበርና ሰንበቴ እየጠጣን ላደግን ኮፍራዲያን ለማስረዳት ረጅም ንግግር አላስፈለገም።

ሮሜሪያው የሚደረገው በካራባንቼል ሠፈር ባለው «ፕራዴራ ዴ ሳን ኢሲድሮ» ነው። ፕራዴራ መስክ ማለት ነው። ሕዝቡ ወደ ኤርሚታዋ ይሰለፋል፣ ከቅዱሱ ምንጭ ውሃ ይጠጣል፣ ከዚያ ሣር ላይ ተቀምጦ ይበላል። ሠዓሊው ጎያ ይህንኑ መስክ በ1788 ሥሎታል፤ ሥዕሉ በፕራዶ ቤተ መዘክር ይታያል። ሣሩ ላይ የተቀመጡት ሴቶች፣ ጃንጥላው፣ ከወንዙ ማዶ የምትታየው ከተማ ሁሉ አለበት። የእኛ ሰዎች ይህን ሲያዩ «ልደታ!» አሉ። ልደታ ግንቦት 1 ናት፤ ሳን ኢሲድሮ ግንቦት 7። እዚያ ጎረቤት ተጠራርቶ ከቤት ወጥቶ ንፍሮ ይበላል፤ እዚህ ደግሞ «ሮስኪያ» የሚባል ቀለበት መሳይ ጣፋጭ ይበላል። ውሃውን ለማስረዳት «ጸበል» የሚለው ቃል ነበረን። አንድ አይደሉም፤ ግን አንዱ ሌላውን ለመረዳት በር ይከፍታል።

ሮስኪያው ራሱ አስተማሪ ነው። ላዩ ላይ ምንም የሌለበት «ቶንታ» ይባላል፣ ቂል ማለት ነው። ስኳርና ሎሚ የተቀባው «ሊስታ» ነው፣ ብልህ ማለት ነው። ነጭ ሽፋን ያለው የሳንታ ክላራ፣ ለውዝ ያለበት የፈረንሳይ ይባላሉ። ከዚህ «ሶይ ሊስታ» ብልህ ነኝ፣ «ኤስቶይ ሊስታ» ደግሞ ዝግጁ ነኝ ማለት መሆኑን ተማርን። «ሴር» እና «ኤስታር» የተባሉትን ሁለት ግሶች በሰንጠረዥ ስንሞክር ያልገባን በጣፋጭ ገባን። እግረ መንገዳችንን አንድ ማሳሰቢያ፦ በበዓሉ የሚሸጠው የማድሪድ «ሊሞናዳ» የሎሚ ጭማቂ ብቻ አይደለም፣ ወይን ጠጅ አለበት። ለማይጠጡ እህቶች «ሲን አልኮል» ማለትን አስቀድመን አስተምረናል።

ከበዓሉ ወደ ዕለት ኑሮ እንመለስ። አማርኛ ሰው ሲያመሰግን «እግዜር ይስጥልኝ» እንደሚል፣ እዚህም አዛውንቶች «ዲዮስ ሴ ሎ ፓጌ» ይላሉ፤ እግዜር ይክፈልዎ እንደ ማለት ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን» የምንለው «ግራሲያስ አ ዲዮስ» ነው። «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» የምንለው «ሲ ዲዮስ ኪዬሬ» ነው። ስናስነጥስ «ይማርሽ» እንደምንባባለው እነሱ «ኼሱስ» ይላሉ። «አዲዮስ» የሚለው መሰናበቻ ራሱ «ወደ እግዚአብሔር» ከማለት የመጣ ነው። ቁርስ «ዴሳዩኖ» ይባላል። «አዩኖ» ጾም ነው፤ ስለዚህ ዴሳዩኖ ጾም መፍቻ ማለት ሆነ። ሁዳዴ ስንጾም «ኤስቶይ ዴ አዩኖ» ብለን ማስረዳት ቻልን፤ በረመዳንም እህቶቻችን ያንኑ ቃል ተጠቀሙበት።

ሰው ሲሞትባቸው የምንለውም ተምረናል። «ነፍስ ይማር» ለማለት «ኬ ኤን ፓስ ዴስካንሴ» ይባላል፤ በሰላም ይረፍ ወይም ትረፍ ማለት ነው። ለቅሶ መድረስ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። የምታስታምሚያቸው እናት ሲያርፉ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሳለ አፍ ይዞ ጥግ መቆም ከሐዘኑ በላይ ያማል። ይህቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ማወቅ እንደ ሰው ከሰው ጋር ለማልቀስ ያበቃል።

አደራ የምንላችሁ አንድ ቃል ደግሞ አለ፤ «ኩራ»። «ኤል ኩራ» ሲባል ቄሱ ነው። «ላ ኩራ» ሲባል የቁስል እጥበትና እሽግ መለወጥ ነው። ልዩነቱ «ኤል» እና «ላ» የሚሉት ትንንሽ ቃላት ብቻ ናቸው። የሚያስታምሟቸው አረጋዊ «ኤል ኩራ» ብለው ቢጠሩ ነፍሳቸውን የሚያዘጋጁበት ሰዓት ደርሶ ይሆናል። «ላ ኩራ» ካሉ ነርሷን መጥራት ነው። ከአባሎቻችን አንዷ የምትጦራቸው እናት በመጨረሻው ሳምንታቸው ከጥቂት ቃላት በላይ መናገር አቅቷቸው ነበር፤ «ቤላ»፣ «ሮሳሪዮ»፣ «ኤል ኩራ»። ሻማ፣ መቁጠሪያ፣ ቄስ። እህታችን ሦስቱንም ከበዓሉ ትምህርት ታውቃቸው ነበርና የተጠየቀችውን አደረገች፣ ልጆቻቸውንም ጠርታ ነገረች። ይህን ለማድረግ የእሳቸውን ሃይማኖት መያዝ አላስፈለጋትም። እሳቸው ምን እንደፈለጉ ማወቅ ግን አስፈለጋት።

አሁን ወደ መጨረሻው፣ ምናልባትም ዋናው ወደሆነው ነገር ደረስን። ላብራዶር ያልነው ቃል ዘመዶች አሉት። «ኮንትራቶ ላቦራል» የሥራ ውል ነው። «ዲያ ላቦራብሌ» የሥራ ቀን ነው፤ ተቃራኒው «ፌስቲቮ» የበዓል ቀን ነው። በስፔን የሠራተኛ ሕግ መሠረት በዓመት እስከ 14 ክፍያ ያላቸው የበዓል ቀናት አሉ፤ ከእነዚህ ሁለቱ ከተማው የሚወስናቸው «ፊየስታ ሎካል» ናቸው። በማድሪድ እንደ ልማዱ የሳን ኢሲድሮና የአልሙዴና ቀናት ናቸው። በ2011 የወጣው የቤት ሠራተኞች ደንብ ደግሞ ሌላው ሠራተኛ የሚያገኛቸው በዓላት ለቤት ሠራተኛም እንደሚገቡ በግልጽ ይናገራል። እንግዲህ ሳን ኢሲድሮ ለካቶሊኩ የቅዱስ በዓል ነው፣ ለሁላችን ግን የእረፍት ቀን ነው። ሙስሊሟም፣ ኦርቶዶክሷም፣ ጴንጤዋም እኩል መብት አላቸው።

መብትን ለመጠየቅ ግን ስሙን መጥራት ያስፈልጋል። ስለዚህ ክፍላችን በአንድ ድምፅ የሚለማመደው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «ኤል ኪንሴ ኤስ ፊየስታ ሎካል። ሊብሮ ኤሴ ዲያ?» 15ኛው ቀን የከተማው በዓል ነው፤ ያን ቀን አርፋለሁ? ማለት ነው። «ሊብሮ» መጽሐፍም ነው፣ አርፋለሁም ነው። አሠሪን በ«ኡስቴድ»፣ ማለትም በእርስዎ፣ በትሕትና ግን ሳይፈሩ መጠየቅ ነው። ይህን ጥያቄ አሁን በድፍረት የሚጠይቁ እህቶች በመካከላችሁ ተቀምጠዋል።

«ሃይማኖት ነው ወይ?» ላላችሁት እህቶች መልሳችን እንግዲህ ይህ ነው። ማኅበራችን ኦርቶዶክስም፣ ሙስሊምም፣ ፕሮቴስታንትም፣ ካቶሊክም አባላት አሉት። በጉዞው ላይ ወደ ኤርሚታዋ መግባት፣ ከውሃው መጠጣት፣ ሻማ ማብራት ለማንም ግዴታ አልሆነም፤ አይሆንምም። የገባችው ገባች፣ ውጭ ሣሩ ላይ የጠበቀችው ጠበቀች። ስለ ሌላ ሰው እምነት በአክብሮት መናገሪያ ሐረጎችንም አስቀድመን ተምረናል፦ «ዲሴን ኬ» ይላሉ፣ «ክሬዬን ኬ» ያምናሉ፣ «ሴጉን ላ ትራዲሲዮን» እንደ ባህሉ። «ክሬዎ» ያለች ለራሷ ነው፤ «ክሬዬን» ያለች ስለ እነሱ ነው። በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ያለውን ድንበር ያወቀች ሴት የራሷን እምነት ሳትነካ የጎረቤቷን ትረዳለች።

ለጋሾቻችን ደግሞ ይህን ልብ በሉልን። የስፔን ዜግነት የሚጠይቅ ሰው ከቋንቋው ፈተና ሌላ ስለ አገሪቱ ሕግና ባህል ይፈተናል። 25 ጥያቄ ይቀርባል፤ ለማለፍ 15 መመለስ ያስፈልጋል። የአገሪቱ በዓላትና ልማዶችም በዚያ ውስጥ ይጠየቃሉ። በመስክ ላይ የታየ በዓል በወረቀት ላይ ከተነበበ ይልቅ አይረሳም። ገንዘባችሁ የዋለው ለደብተር፣ ለሜትሮ ትኬትና ለጥቂት ሮስኪያ ነው። አሁን የጎደለን ሌላ ነው፤ እናቶች ሲማሩ ልጆቻቸውን የሚይዝ ሰው። እሑድ ከሰዓት ልጅ ይዘው መጥተው በር ላይ ቆመው የሚማሩ አሉ። ለሚቀጥለው ዓመት የምንለምናችሁ ለልጆች ጠባቂ የሚሆን አበል ነው።

ለአባላት ያለን ጥሪ፦ በሚመጣው በጀት ዓመት በኖቬምበር የአልሙዴናን በዓል በዚሁ መንገድ እናጠናለን። በየቤታችሁ፣ በየሥራ ቦታችሁ የምትሰሙትን የበዓልና የምርቃት ቃል በአማርኛ ፊደል ጽፋችሁ አምጡ። አጻጻፉ ልክ ባይሆን ግድ የለም፣ አብረን እናስተካክለዋለን። መጻፍ የማትችሉ ቃሉን በአፋችሁ ያዙት፣ እኛ እንጽፍላችኋለን። የዓመቱን የሥራ ቀን መቁጠሪያ፣ «ካሌንዳሪዮ ላቦራል» የሚባለውን፣ በአማርኛ ተርጉመን ለእያንዳንዷ አባል እናድላለን፤ ፌስቲቮዎቹ በቀይ ይሆናሉ።